ድኛለሁ ያልኩባቸው ሰባት ሳምንታት

ሰፈሩ ስሜን ረስቶታል። «ፉጨት» ነው የሚለኝ። ጸጉር ቤቴም «ፉጨት ጋ» ትባላለች እንጂ በሯ ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፍኩትን ያነበበላት ሰው የለም። ስሙን ያወጣልኝ ደረቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ፤ ትንሽ ከተጣደፍኩ ወይም አቧራ ከነካኝ ከውስጥ ሲ... ሲ... እያለ ያፏጫል። ትምህርት ቤት ሳለን የስፖርት አስተማሪያችን መሮጥ እንደማልችል ሲያይ የኳስ ዳኛ አደረገኝ። ፊሽካ ግን አልሰጠኝም። «ለዚህ ልጅ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ሳል ተቀየረና ጨዋታው ያለ ዳኛ አለቀ።

ሮጬ የምበላበት ሥራ እንደማይሆነኝ የገባው አጎቴ ጸጉር ማስተካከል አስተማረኝ። ጥላ ውስጥ ነው፣ ቆሞ የሚሠራ ነው፣ ለደረቴ ይመቻል ብሎ። የጸጉር ብናኝ፣ ፓውደርና ሽቶ ቀኑን ሙሉ አፍንጫዬ ሥር እንደሚውል ግን እሱም እኔም አላሰብንበትም። አጎቴ መቀስ ከማስያዙ በፊት አንድ ሕግ ነገረኝ። «ወንበርህ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር አትከራከር። አንገቱን አምኖ ሰጥቶሃል፤ አንተ ደግሞ ጆሮህን ስጠው። ‹ልክ ነዎት› በልና ሥራህን ቀጥል።»

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት «ልክ ነዎት» እያልኩ እቆርጣለሁ። አንዱ «ዛሬ መዝነቡ አይቀርም» ሲል ልክ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠው «ዘንድሮ ዝናብ የሚባል የለም» ሲል እሱም ልክ ነው። በአንድ ቀን የሁለት ተቀናቃኝ ቡድኖች ደጋፊ ሆኜ አውቃለሁ። የራሴ ሐሳብ የሚባል ነገር ቢኖረኝ ኖሮ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ታዲያ ፉጨቴን የሰማ ደንበኛ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዝንጅብል በማር አዘዘልኝ። ጉሮሮዬን ደህና አድርጎ አሞቀልኝ፤ ደረቴ ግን አልሰማም። የሒሳብ አስተማሪው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ፣ ፎጣ ተከናንቤ እንፋሎቱን እንድስብ መከረኝ። ከድስቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለብኝ ስላልነገረኝ አፍንጫዬ ተቀቅሎ ሁለት ሳምንት ቀልቶ ከረመ። የመጋዘኑ ዘበኛ ደግሞ የሆነ ደረቅ ቅጠል አጫጭሼ ጭሱን እንድስብ ነገረኝ። እስቲ አስቡት፣ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ጭስ! «ልክ ነዎት» አልኩና አጨስኩ። ባለቤቴ ወለል ላይ ተደፍቼ አገኘችኝ።

ለምን ትሞክራለህ የሚለኝ ሰው ጸጉር አስተካካይ አይደለም። ደንበኛ በሁለት ሳምንቱ ይመለሳል፤ ይቀመጣል፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየ «እህ፣ ተጠቀምክበት?» ይላል። ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ አስጠግቶ መዋሸት ከባድ ነው። ቢያንስ ያኔ ከባድ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ካርድ ስታወጣና ስትመልስ፣ ማን መድኃኒቱን አቋርጦ በቃሬዛ እንደተመለሰ በቃሏ ታውቃለች። ስለዚህ የቤታችን ሕግ ጥብቅ ነው። ጠዋትና ማታ ጥርስ ከመቦረሹ በፊት ቡናማው ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ይሳባል፤ ከዚያ አፍ ይጉመጠመጣል። ሰማያዊው ድንገት ሲያፍን ብቻ ነው። «ቡናማው የቤት ጠባቂ ነው፣ ሰማያዊው እሳት አደጋ ነው» ትላለች። «ጠባቂውን አባርሮ እሳት አደጋ የሚጠብቅ ሰው ጅል ነው።»

መታጠቢያው ፊት የምንቆመው ሁለት ነን፤ እኔና የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ። ቁርጥ እኔን ናት። ቤት አላወረስኳት፣ መሬት አላወረስኳት፤ ያለኝን ደረት አወረስኳት። እኔ ግን የሷን ያህል ጎበዝ አልነበርኩም። ልጄ ቡናማውን በትክክል ስለምትስብ እንደ እኩዮቿ ትሮጥ ነበር፤ በትምህርት ቤቷ ሁለት መቶ ሜትር ሩጫ ሦስተኛ ወጥታ ስትመጣ፣ እኔ በሕይወቴ አንድም ሩጫ ጨርሼ ስለማላውቅ አለቀስኩ። እናቷ ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ አስምላኝ ነበር። «በራስህ ላይ የፈለግከውን ቅጠል ሞክር። የልጄን ትንፋሽ ግን እንዳትነካ።» ማልኩ። በእጄም አልነካሁም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአውቶቡስ ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ትልቅ ሰው፣ ድምፁ የሞተር ድምፅ የለመደ፣ በሳምንት ሁለቴ ጺሙን የሚላጭ ደንበኛዬ ነው። አንድ ቀን ከጃኬቱ ውስጥ የማርማላታ ብልቃጥ አወጣ። በውስጡ አረንጓዴ ዱቄት አለ።

«አንድ ተሳፋሪ ነው የሰጠኝ» አለ። «ሩቅ አገር ያለ አዋቂ ያዘጋጀው ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለብ ባለ ውሃ። ግን ስማኝ ፉጨት፣ ፓፍ እየሳብክ ከሆነ አይሠራም። ይጣላሉ።»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ።»

ምን ቅጠል እንደሆነ አልጠየቅኩም። አዋቂው ማን እንደሆነ፣ ተሳፋሪው የት እንደወረደ አልጠየቅኩም። ለአንድ ደንበኛ አዲስ የጸጉር ቀለም ስቀባ እንኳ መጀመሪያ ከጆሮው ጀርባ ትንሽ ነካ አድርጌ እጠብቃለሁ። ለገዛ ሆዴ ግን ይህን ያህል አልተጨነቅኩለትም።

እና ሠራ! በመጀመሪያው ሳምንት ዝናብ ጥሎ የሰፈሩን አቧራ አጠበው፤ እኔም ዱቄቴን ጠጣሁ፤ ደረቴ ዝም አለ። ዝናቡን ማን ያመሰግናል? ብልቃጡን አመሰገንኩ። በአሥረኛው ቀን ሹፌሩን እየላጨሁ፣ ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎች እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ ድኛለሁ!» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥ በየቀኑ ስለማይ አውቃለሁ፤ አፌ ሲያመልጥ ግን አላወቅኩም።

ሰፈሩ ተገለበጠ። ሰዉ ሊላጭ ሳይሆን ሊያዳምጠኝ መጣ። አንዲት አሮጊት ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ ለጥፈው ሰሙና «ጭጭ ብሏል!» ብለው መሰከሩ። በሕይወቴ ሙሉ ሌላው ሲናገር «ልክ ነዎት» ያልኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች እኔን «ልክ ነህ» አሉኝ። ወይ ጣዕሙ! ከማር ይጥማል። መቀሴን እያንቀጫቀጭኩ ስለ ሰውነት አሠራር ማብራሪያ መስጠት ጀመርኩ።

ቤት ገብቼም አወጅኩ። ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ነበር።

«እሰይ» አለች፣ ዞር ሳትል። «ማነው ይህን ዱቄት የመረመረው?»

«ስንቱ ድኖበታል እኮ!»

«ከስንቱ የአንዱን ስም ንገረኝ።»

ፎጣ አንስቼ የታጠበውን ሳህን ማድረቅ ጀመርኩ።

«ቡናማውን ግን እንዳታቆም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ሚስትን እንደ ደንበኛ ማናገር ለትዳር አይበጅም፤ ግን አመል ነው።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቤት ሥራ ትታ ታየኝ ነበር። «አባዬ፣ ሙሉ በሙሉ ነው የዳንከው?»

«ሙሉ በሙሉ፣ የኔ እናት!»

ቡናማውን ያቆምኩት የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር፣ እንዳይጣላ። ባለቤቴ እንዳታውቅ ግን በየጠዋቱ መታጠቢያው ፊት እቆማለሁ፤ ፓፉን ወደ አፌ አስጠጋለሁ፤ ስጫነው ወደ ጉንጬ አዞረውና ወደ አየር እለቀዋለሁ። ከዚያ ምንም ያልገባበትን አፌን በጥንቃቄ እጉመጠመጣለሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ይህን አየች። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ምን አደረግኩ? ጠቀስኳት። «ከዱቄቱ ጋር ይጣላሉ» አልኳት በሹክሹክታ፤ ምስጢራችን ነው አልኩ በዓይኔ፤ እሷም ፈገግ አለች። እንዴት ያለ የተወደድኩ አባት ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የአንድ ሰው ጆሮ ግንድ እያስተካከልኩ ሲ... የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቶንዶሱ የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት። ድምፁ ቀጠለ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን «ተመልሶብኛል» ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለደንበኞቼ ተርቻለሁ! ግን ሰፈር ሁሉ «እንኳን ዳንክ» ካለህ በኋላ መታመም ቀላል አይደለም። የአሮጊቷን ምስክርነት የት ላድርገው? ስለዚህ ሰማያዊውን ፓፍ ኪሴ ውስጥ ደብቄ፣ ደረቴ ሲጠብ «አንዴ ይቅርታ» እያልኩ ከጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። የፓፉ ድምፅ እንዳይሰማ ውሃ እለቅቃለሁ፤ ውሃው ሲጮህ እስባለሁ፤ ሱሪዬን አስተካክዬ እወጣለሁ። በቀን ሁለቴ የነበረው አራቴ፣ ከዚያ ስድስቴ ሆነ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሒሳብ አስተማሪውን ጆሮ ትንሽ ቆረጥኩት፤ እግዜር ይስጠው፣ «ምንም አይደል» አለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ አንድ ፌስታል በእጄ አስጨበጠኝ። «ሰው ሁሉ አስተውሎሃል ወንድሜ። ይሄ ለኩላሊት ነው። ቅጠሉን ቀቅለህ ጠጣው፣ ሽንት ያዝ ያደርጋል።»

ምን እላለሁ? «ልክ ነህ» አልኩትና ተቀበልኩት።

በዚያው ሰሞን ልጄ ታስል ነበር። «ጉንፋን ነው» ትላለች። የብልቃጡ ዱቄት ከምጠጣው በላይ ቶሎ ቶሎ እየጎደለ መሆኑንም አይቼ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። አይቼ አላየሁም፤ ሹፌሩ ሌላ ብልቃጥ አመጣልኝ፤ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ሹፌሩ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ግማሽ ፊቱን ላጭቼ ግማሹ ገና አረፋ ነው። ስልኬ ጠራ። የልጄ ክፍል አስተማሪ ነበረች።

«ቶሎ ይምጡ። ሜዳ ላይ ወድቃለች። ትንፋሽ አጥሯታል፤ መናገር አቅቷታል። ቦርሳዋን ፈትሸን መድኃኒት አላገኘንባትም።»

ምላጩ ከእጄ ወደቀ። የአስተማሪዋ ድምፅ ለሹፌሩም ተሰምቶት ነበር፤ የአንገት ጨርቁ እንዳለ፣ ግማሽ ጺሙ በአረፋ፣ ተነስቶ ደጃፉ ላይ ወዳቆመው አውቶቡስ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፤ ማለቴ ለመሮጥ ሞከርኩ። ስድሳ ሰው የሚጭን ባዶ አውቶቡስ እኔን ብቻ ይዞ በጠባቡ መንገድ ሲበር ሰው ከየሱቁ እየወጣ አየን። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጄን ተሸክመው አስገቡልኝ። ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሳል ይወድቃል። ከንፈሯ ደም የለውም።

«ሰማያዊው የት አለ?» አልኳት።

ቃል በቃል እየቆራረጠች ነገረችኝ። «ቤት... ተውኩት። ይጣላሉ... ብለህ...»

ሰማያዊው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

እዚህ ጋ ልዋሽ እችል ነበር፤ ማንም አላየኝም። እውነቱ ግን አመነታሁ። አንዲት ሰከንድ። ካወጣሁት ሹፌሩ በመስታወቱ ያየዋል፤ ልጄም ታየዋለች፤ አለመዳኔ ይታወቃል። ልጄ አፏን ከፍታ አየር ስትፈልግ እኔ አንዲት ሰከንድ ሙሉ ለስሜ አሰብኩ። በዚች ሰከንድ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አፍራለሁ።

አወጣሁት። አንዴ ሳበች። ሁለቴ ሳበች። ሦስተኛውን ስጫነው ባዶ ፉፍ አለ። ሽንት ቤት ውስጥ ጨርሼዋለሁ።

ሹፌሩ በመስታወቱ እኔን አየ፤ ፓፉን አየ። ጥሩምባውን ተጭኖ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አልለቀቀውም።

ድንገተኛ ክፍል ጭምብል አደረጉላት፤ ኦክስጅን ገጠሙላት፤ መድኃኒቱ በእንፋሎት እየሆነ ፊቷን ሸፈነው። ባለቤቴ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች ደረሰች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች።

«ቡናማውን በትክክል ትወስዳለች?» ብላ ጠየቀች።

«ጠዋትና ማታ፣ ዓይኔ እያየ» አለች ባለቤቴ።

ልጄ ከጭምብሉ ሥር ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ እጇን አንስታ ፓፍ እንደያዘ ሰው ወደ ጉንጯ አዞረችና ወደ አየር ተጫነች። ልክ እንደኔ፤ ጣቷ እንኳን እንደኔ ነበር የታጠፈው።

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ብልቃጡን፣ መታጠቢያውን፣ ሽንት ቤቱን። ሐኪሟ እየጻፈች ነበር።

«ዱቄቱ ምንድነው?»

«አረንጓዴ ነው» አልኩ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «አባት፣ ቅጠል ሁሉ ክፉ ነው አልልዎትም። እኛ የምንሰጠውም ብዙው መነሻው ቅጠል ነው። ግን ስሙን የማላውቀውን፣ መጠኑን የማላውቀውን ነገር ከሌላው ጋር ይጋጭ አይጋጭ በምን ልወቅ? የእርስዎ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰማያዊውን አብዝተው ነው ወይስ ዱቄቱ ነው? እኔም መናገር አልችልም። እሷን የጣላት ግን ከሁሉ በላይ ቡናማውን ማቆሟ ነው። ሲያቆሙት በማግስቱ አይታወቅም። ሳምንታት ይወስዳል፤ በዚያ መሀል ሰው የዳነ ይመስለዋል። መጥተው ‹ይህን ልሞክር› ቢሉን አንቆጣም ነበር። አብረን እናየው ነበር።»

ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልክ ነሽ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች፣ በቀስታ። ከዚያ ካርድ ልታወጣ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ በሌላ ሰው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ወረፋ ስትይዝ አየኋት።

ከሰዓት በኋላ የልጄ ትንፋሽ እየተረጋጋ መጣ። ከጎኗ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ። ልቧ በእጅ አንጓዋ ላይ ይጋልባል።

«አልዳንኩም፣ ልጄ» አልኳት። «ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ተመልሶብኝ ነበር። በየቀኑ ተደብቄ ሰማያዊውን እስብ ነበር። ዋሸሁሽ።»

ጭምብሉን ከፍ አደረገችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ነው።

«አንተም ተመልሶብህ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ...» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንተን አድኖ እኔን እምቢ ሲለኝ፣ የኔ ሰውነት የማይረባ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ። ለዛ ነው ሁለት ማንኪያ ያደረግኩት። ዛሬ ደግሞ ሦስት።»

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወሬ ያዳመጠ ጆሮዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለች፣ ጭምብሉን ወደ አፏ እየመለሰች። «ለዶክተሯም። ድሮም ባንተ ተናደዋል።»

እጇን ለቅቄ ተነሳሁ። ኮሪደሩ በበሽተኛና በአስታማሚ ሞልቷል፤ ከሰፈሬ ሰዎች ቢያንስ ሦስቱን አየሁ። ሐኪሟ በወዲያኛው ጫፍ ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች። ደረቴ እያፏጨ፣ እስከ ዛሬ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

«ዶክተር! ሦስት ማንኪያ ነው የጠጣችው! እኔን አምና ነው!»